ይህ ሁሉ ደግነት በምን እህል ተሠራ? ከኮምቦልቻ ዳር የአንድ ቤተሰብ እርሻ ትዝታ

ወንድ አያታችን በ1999 ዓ.ም.፣ ሴት አያታችን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. አረፉ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከኮምቦልቻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቃሉ ወረዳ ውስጥ ባለ አንድ ተዳፋት ላይ ማሽላና ጤፍ እያረሱ ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባና በሳዑዲ ዓረቢያ ተበትነን እንገኛለን። በእርሻው ላይ የቀሩት የበኩር ልጃቸው፣ አጎታችን ብቻ ናቸው። ከሴት አያታችን የአርባ ቀን ሰደቃ በኋላ ቤተሰቡ የሁለቱን ሕይወት በጽሑፍ ለማኖር ተስማማ። ሥራው ገና አላለቀም። ቢሆንም እስካሁን የሄደበት መንገድ ተመሳሳይ ነገር ለሚያስቡ ቤተሰቦች ስለሚጠቅም፣ እንደ አንድ የጉዳይ ጥናት አድርጌ አቅርቤዋለሁ። በቤተሰቡ ፈቃድ የማንንም ስም አልጠቀስሁም።

መጀመሪያ የተሰበሰበው ጽሑፍ በሙሉ ምስጋና ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ስለ እናቱና ስለ አባቱ የሚያስታውሰውን እንዲያስጽፍ ተጠየቀ። የመጣውም «ደጎች ነበሩ፣ እንግዳ ሳያበሉ አይሸኙም፣ ሥራ ወዳዶች ነበሩ፣ ፈጣሪን ይፈሩ ነበር» የሚል ነው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን በወሎ የማንም አያት የሚነሣው በዚሁ ቃል ነው። ስሙ ብቻ ተቀይሮ በጎረቤት ለቅሶ ቢነበብ ማንም ልብ አይለውም። እርሻውን በበዓል ሰሞን ብቻ የሚያውቁት ትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ካነበቡት በኋላ የሚጠይቁት ነገር አጡ።

ጽሑፉ ለአጎታችን ተነበበላቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ መሬቱን ግን ከአባታቸው እጅ ተቀብለው እስከ ዛሬ ያርሳሉ። እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ «መልካም ነው ልጆቼ፤ ግን ይህ ሁሉ ደግነት በምን እህል ተሠራ? እንግዳው ምን በላ? የበላውስ ከየትኛው ማሳ መጣ?» አሉ።

የሥራው አቅጣጫ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ተለወጠ። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ ይኸው ነው፦ ገበሬ የነበሩ አያቶቹን ማስታወስ የሚፈልግ ሰው ከጠባያቸው በፊት ሥራቸውን ይጠይቅ። ምን ዘሩ? መቼ ዘሩ? ዘሩ ከማን ተገኘ? በሬው የማን ነበር? ማን አረመ፣ ማን ወፍ ጠበቀ? እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሡ ለዓመታት ዝም ያለ ሰው ይናገራል፤ የተናገረውንም ሌላው ያርመዋል።

ማሳ ለማሳ መዞር ተጀመረ። አጎታችን በዱላቸው እያመለከቱ ይናገራሉ፤ አንዷ የአክስቴ ልጅ የሲሚንቶ ከረጢት ተርትራ ባገኘችው ሰፊ ወረቀት ላይ በከሰል ትሥላለች። መሬቱ በጠቅላላው አራት ጥማድ ያህል ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስፋት ሲሆን፣ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። በወረቀት ላይ አንድ ሄክታር ተብሎ የሚታለፈው ይህ መሬት ግን አጎታችን ሲጠሩት ብዙ ቦታ ሆነ፤ ዋርካው ሥር፣ ጭንጫው፣ ወንዝ ዳሩ፣ የእኩሌታው፣ ጓሮው። ዋርካው ሥር ጥቁር የዋልካ አፈር ስለሆነ የጤፍ ነው። ጭንጫው ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ቀድሞ የሚደርቀው እርሱ ነው፤ አያታችን ግን ድንጋዩን እየለቀሙ እርከን ሠርተውበት ከፊሉን አለስልሰውታል። ለካርታው ብዙ ጊዜ የሰጠነው በምክንያት ነው። ከየማሳው ስም ጋር አንድ ታሪክ ተያይዞ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ብንጠይቅ የማይመጣ ታሪክ።

የእኩሌታው የሚባለው ማሳ ለምሳሌ ያህል የመሬት ሥሪቱን ታሪክ ይዞ ተቀምጧል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት አያታችን የእኩል አራሽ ነበሩ፤ ዘሩንና ጉልበቱን ያወጣሉ፣ ከአውድማ ላይ ግማሹ ለባለ መሬቱ ይሄዳል። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የካቲት 25 ቀን ሲታወጅ ያ ማሳ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ለእርሳቸው ተደለደለ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ እስከ 10 ሄክታር ይፈቅድ ነበር፤ እንዲህ ጥቅጥቅ ብሎ ሰው በሚኖርበት ተዳፋት ላይ ግን ያን ያህል የደረሰው ገበሬ አልነበረም። አጎታችን የዚያን ዓመት መኸር ሲያስታውሱ ስለ ሰልፉና ስለ መፈክሩ ብዙ አይናገሩም። የሚናገሩት አባታቸው ከአውድማው እህል ሲሰፍሩ ከልማድ የተነሣ ሁለት ክምር እንዳደረጉና፣ ቆም ብለው አይተው ሁለቱን መልሰው እንደቀላቀሉ ነው። ግማሽ ምዕት ዓመት ቢያልፍም የማሳው ስም ግን እስከ ዛሬ የእኩሌታው ነው።

ሴት አያታችን የተወለዱት በደጋው፣ ከደሴ በላይ በኩታበር በኩል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትሩን አልፋ ጦሳ ተራራ ሥር ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ እህሉ ግን ሌላ ነው። ላይኛው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል፤ ታችኛው ማሽላና ጤፍ። እርሳቸው ለትዳር ሲወርዱ ከደጋ ልጅነት ወደ ማሽላ አገር ገቡ ማለት ነው። አክስቴ እንደምትለው የመጀመሪያውን ዓመት የማሽላ እንጀራ መጋገር አቅቷቸው፣ ሊጡን ከጤፍ ጋር በስንት ለስንት መቀላቀል እንዳለባቸው ያስተማሯቸው አማታቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከጥር በኋላ በአህያ ጭነት ማሽላ ወደ ወንድማቸው ቤት ይወጣል፣ ባቄላና ገብስ ይወርዳል። ወንድማቸው ክርስቲያን ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ በትዳር የሰለሙ። በፋሲካም ሆነ በአረፋ የሁለቱ ቤት ሰው ይገናኛል፣ ሥጋው ግን ለየራሱ ይታረዳል። ለወሎ ሰው ይህ የሚያስገርም ነገር ስላልሆነ ከልጆቻቸው አንዳቸውም ሊያስጽፉት አላሰቡም፤ የተመዘገበው ስለ አህያው ጭነት ስንጠይቅ ነው።

የማሽላው ዓመት ከሁሉም በላይ የተናገሩለት ነገር ነው፤ እኔም ከዚህ ቶሎ ማለፍ አልፈልግም። የጥንቱ ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ከየካቲት ጀምሮ የሚመጣው የበልግ ዝናብ መሬቱን ካራሰ በኋላ በሚያዝያ ይዘራል፤ የሚታጨደው በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ነው። በመካከሉ ስምንት ወር የሚሆን ጭንቀት አለ። ቡቃያው ጉልበት ሲያህል ሽልሻሎ ይደረግበታል፤ በሬዎቹ ተጠምደው በቆመው ማሽላ መካከል ይነዳሉ፣ ማረሻው አረሙን እየገለበጠ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፣ ውኃ የሚይዝ ትልምም ይተዋል። ሲያዩት የተዘራውን የሚያጠፋ ይመስላል። አያታችን በዚህ ቀን ዕርፉን ለማንም አይሰጡም ነበር። አጎታችን አድገው ሚስት ካገቡ በኋላ እንኳ በሬ እንዲነዱ እንጂ ዕርፍ እንዲይዙ አልተፈቀደላቸውም። «አባቴ የቆጡት ሰው አልነበረም፤ በሽልሻሎ ቀን ግን አፍ አፌን ይሉኝ ነበር» ይላሉ። ታጋሽ ነበሩ ብሎ የጻፈው የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን ቀን አያውቀውም።

እህሉ ማፍራት ሲጀምር ልጆቹ ማማ ላይ ይወጣሉ። ማማው በአራት እንጨት ላይ የቆመ መደብ ነው፤ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ በወንጭፍና በጅራፍ ጩኸት ወፍ ይከላከላሉ፣ ከጭንጫው በላይ ካለው ገደል የሚወርደውን ዝንጀሮም ይመልሳሉ። እናቴ ትምህርት ቤት የገባችው ዘግይታ ነው፤ ምክንያቱ ድህነት ነው ሲባል እሰማ ነበር። ማማውን በካርታው ላይ ስናስገባ ግን እርሷ ራሷ ሌላ ዝርዝር ጨመረች። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ ወፍ የሚጠበቀውም ከመስከረም እስከ ኅዳር። ወንዶቹ ከብት ጥበቃ ላይ ስለሆኑ ማማው የሴቶቹ ልጆች ሆነ። በሰዓቱ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ የተገኘው ታናሽ እህታቸው ለማማው ስትደርስ ነው። የአንድ ቤተሰብ የትምህርት ታሪክ በወፍ ጥበቃ ተራ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ይነበባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጅጌም የራሱ ገጽ አለው። ለአጨዳ የሚመጣው ጎረቤት ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ምግብና በራሱ ቀን መመለስን ነው። ለዚያ ቀን ሴት አያታችን ከዋዜማው ጀምረው እንጀራ ይጋግራሉ፣ ከተቆላ ገብስ የማያሰክር መጠጥ ይጠምቃሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተው ዱዓ ይደረጋል። አጫጆቹ ስንት እንደሆኑ ከተነገራቸው ስንት እንቅብ እንጀራ እንደሚበቃ ያውቁ ነበር። የቤቱ እንግዳ ተቀባይነት የሚባለው ነገር በአብዛኛው በዚህ የሥራ ልውውጥ ውስጥ የነበረ መሆኑን ስንረዳ፣ አጎታችን የጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ማግኘት ጀመረ።

የሴት አያታችን ሥራ ግን ሳይታይ ሊያልፍ ነበር። ካርታው ስለ ማሳዎቹ ስለሆነ የወንዱ ሥራ ጎልቶ ይወጣል። አክስቴ ካርታውን አይታ «እናቴ የት አለች?» አለች። ከዚያ በኋላ ጓሮው በሰፊው ተሣለ፤ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ቃሪያው፣ የወፍጮው ድንጋይ የተተከለበት ቦታ፣ ኩበት የሚደርቅበት ግድግዳ፣ የውኃው መንገድ። ወፍጮ ቤት በቅርብ ከመተከሉ በፊት የቤቱ ዱቄት በሙሉ በእርሳቸው ክንድ የተፈጨ ነው። ዘር መምረጥም የእርሳቸው ሥራ ነበር። ከአጨዳው በፊት ቅርጫት ይዘው ማሳው ውስጥ ይገባሉ፤ ራሱ የሞላውን፣ አገዳው የጠነከረውን፣ በሽታ ያልነካውን እየለዩ ይቆርጣሉ። ያንን አስረው ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ይሰቅሉታል፤ ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በቤቱ ውስጥ ያለ እህል ሁሉ ቢጠየቅ ይሰጣል፤ ያ የተሰቀለው አይነካም።

ከተመረጡት መካከል «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ ነበር። እናቴና ሁለት ታላላቆቿ ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይለወጣል። ብቻውን አይዘራም፤ በሌላው ማሽላ መካከል እዚህም እዚያም ይጣላል። እሸቱ ሲደርስ ራሱ ተቆርጦ በእሳት ይለበለባል፣ በእጅ ታሽቶ ትኩሱን ይበላል። ሲደርቅ ፍሬው ይኮማተራል፣ ምርቱም ከሌላው ያንሳል፤ ስለዚህ ማንም ለጎተራ ብሎ አይዘራውም፣ ለልጆች ብሎ ነው እንጂ። «ማርጩቄ» የሚባል ሌላም ነበር፤ አጎታችን ጣዕሙን ከወተት በጉንጬ ያስበልጡታል፣ እናቴ አትስማማም።

ይህ የሕፃናት እሸት በሳይንስም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ከተለመደው እጅግ የበለጠ የላይሲን መጠን ማግኘታቸውን አሳተሙ። ላይሲን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ መገኘት ያለበት የፕሮቲን ክፍል ሲሆን፣ ተራው ማሽላ በእርሱ ደሃ ነው። እነዚያ ዓይነቶች በወሎ ገበሬዎች ማሳ፣ በሌላው ማሽላ መካከል ተሰባጥረው የሚዘሩ፣ ለእሸት የሚበሉ ነበሩ። እናቶቻችን «ለልጅ ይሆናል» ብለው ለትውልድ ሲመርጡት የኖሩት እህል በእርግጥም ለልጅ የሚሆን ነበር። ያ ግኝት የታተመበት ዓመት ወሎ በ1966ቱ ረኀብ የተመታበት ዓመት መሆኑን ሳስብ ያመኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በምዝገባው ላይ ትልቁ ክርክር የተነሣው በዚሁ እህል ምክንያት ነው፤ ጥያቄው መቼ ጠፋ የሚል ነበር። ዛሬ በእርሻው ላይ የለም። አክስቴ እናታቸው የ1977ቱን ክፉ ቀን እንኳ ዘሩን ሳያስነኩ እንዳለፉት አጥብቃ ትናገራለች። በዚያን ጊዜ ልጅ ነበረች። ርቧት በጀርባዋ ተኝታ፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የማሽላ ራስ አንድ በአንድ ትቆጥር እንደነበር፣ ጥላሸት የለበሰውን ገመድ ሳይቀር ታስታውሳለች። አጎታችን ግን በመጨረሻው ዘሩ ወርዶ ተበላ ይላሉ። በሬውም ላይ አይስማሙም፤ እርሷ ባቲ ሰኞ ገበያ ተሽጦ እህል ተገዛበት ስትል፣ እርሳቸው በረት ውስጥ ሞተ ይላሉ። የበሬውን ነገር የሚፈታልን ማስረጃ ስላላገኘን ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን ጽፈናቸዋል። እኔ እንደማምነው የቤተሰብ መዝገብ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማስታረቅ የለበትም።

የዘሩ ነገር ግን ካልታሰበ አቅጣጫ ተፈታ። ሁሉንም ልጆች «ወተት በጉንጬን በልተህ ታውቃለህ?» ብለን ጠየቅን። ከ1977 በፊት የተወለዱትና ነፍስ ያወቁት በሙሉ ጣዕሙን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ስሙን እንጂ እህሉን አያውቁትም፤ አንደኛው ተረት ይመስለው ነበር። የሚያውቀውና የማያውቀው የሚለየው በዚያ ዓመት ላይ ነው። በ1978 የተዘራው ማሽላም ከጎረቤት በብድር የተገኘ ሌላ ዓይነት እንደነበር አጎታችን አስታወሱ። ዘሩ ተበልቷል ማለት ነው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች። እናቷ የተሸነፈች መስሎ ተሰማት። እኔ ግን ያን ቀን እንደ ሽንፈት አላየውም። በምርጫ ሃያ ዓመት ያቆዩትን ዘር፣ የሚቀጥለውን ዓመት ተስፋ፣ በገዛ እጃቸው ከጣሪያ አውርደው ለልጆቻቸው የቆሉ ሴት ምን እያደረጉ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ልጆቹም ተርፈዋል። በእነዚያ ዓመታት በወሎ ዘራቸውን የበሉ ቤቶች ብዙ ነበሩ። በዶክተር መላኩ ወረደ ይመራ የነበረው የአዲስ አበባው የዕፅዋት ዘር ማዕከል በድርቅ በተመቱ አካባቢዎች እየተዘዋወረ ሊጠፉ የደረሱ የገበሬ ዘሮችን ይሰበስብ የነበረው ስለዚህ ነው፤ እርሳቸውም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ለአክስቴ ይህን ስነግራት በመዝገቡ ላይ ራሷ ያስጻፈችው ዓረፍተ ነገር «እናታችን ዘሩን አበላችን» የሚል ሆነ። ከመዝገቡ ውስጥ እኔ በጣም የማከብረው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ስለ ሰነዶች ጥቂት ልበል። ቤተሰቡ የነበሩት ፎቶግራፎች ኮምቦልቻ በሚገኘው በአንደኛዋ አክስቴ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲገባ ቤቱ ተዘርፎ አብረው ጠፉ። ሴት አያታችን ፎቶግራፍ መነሣት ስለማይወዱ የቀረላቸው ምስል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የተለጠፈው። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ ለገበሬዎች ደብተር መስጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት እንዲሰፍር አድርጎ ነበር። አያታችን ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው፣ ካሜራውን በጥርጣሬ እያዩ፣ ከባለቤታቸው ጎን ተቀምጠዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን ለሁለቱም ነበር፣ አሁን ወደ አጎታችን ተላልፏል። ፎቶግራፉን አስነሥተን ካባዛነው በኋላ ከልጅ ልጆቹ ብዙዎቹ የወንድ አያታቸውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ።

ዛሬ እርሻው ምን ይመስላል? አጎታችን በዋርካው ሥር ጤፍ፣ የእኩሌታው በሚባለው ማሳ ደግሞ ማሾ የተባለውን ጥራጥሬ ይዘራሉ። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፣ ገበያ አለው፣ በአያቶቻችን ዘመን ግን እዚህ ቦታ የሚዘራው አልነበረም። የሚዘሩት ማሽላም በክረምቱ ዝናብ ብቻ የሚደርሰውን አጭሩን ነው። የበልጉ ዝናብ ስለማይታመን በሚያዝያ ዘርቶ ስምንት ወር የሚጠብቅ ገበሬ በአካባቢው ጥቂት ነው። ወተት በጉንጬን አግኝተን ብናመጣላቸው ይዘሩት እንደሆነ ጠይቀናቸው ነበር። «በጓሮ፣ የእቃ እጣቢ በሚደርስበት ቦታ ለልጆቹ ጥቂት እሞክራለሁ፤ በማሳ ላይ ግን ዝናቡ ካልተመለሰ ዘሩ ቢመለስ ምን ይረባል?» አሉ። ከተማዋም እየሰፋች ነው። በሐምሌ 2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ከታች ያለው ሜዳ መልኩን ለውጧል፤ ከማሳው ሆኖ ሲታይ የብረት ጣሪያው ያብረቀርቃል። ከልጅ ልጆቹ አንዷ እዚያ ተቀጥራ ሠርታለች። መሬቱ ለእርሻ እስከ መቼ እንደሚቆይ አጎታችን አይናገሩም፤ ካርታው ቶሎ እንዲያልቅ የሚገፋፉን ግን እርሳቸው ናቸው።

ሌላ ቤተሰብ ይህን ሥራ ቢጀምር ከእኛ ልምድ የምነግረው ጥቂት ነገር አለኝ። ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው ሌላ ነው፤ መሄድ የማይችለውን ደግሞ ዕቃ ያናግረዋል። ሳዑዲ የምትገኘው የአክስቴ ልጅ የሞፈር፣ የቀንበር፣ የድግርና የወገል ፎቶግራፍ ለእናቷ በስልክ ልካ፣ ምራኑ ከየትኛው ቆዳ እንደሚቆረጥ፣ ድግሩ ለምን ከወይራ እንደሚጠረብ የሚናገር ረጅም የድምፅ መልእክት ተቀብላለች። ወንድምና እህት አብረው ሲጠየቁ ታላቁ ይናገራል፣ ታናሹ ይስማማል፤ ለየብቻ ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ይወጣል። የዓመት ቁጥርም መጠየቅ ብዙ አይረዳም። «የትኛው በሬ በነበረበት ጊዜ?» ሲባል ግን ሁሉም ያውቃል፤ ዳልቻው፣ ከዚያ ቦራው፣ ከዚያ ወይኖው እያሉ ሠላሳውን ዓመት በቅደም ተከተል ያስቀምጡታል። የመዝገቡ የጊዜ ሰሌዳ የተሠራው በበሬዎች ስም ነው።

ያላለቀው ክፍል የወንድ አያታችን ታናሽ ወንድም ጉዳይ ነው። በ1977 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ መተከል በሠፈራ ተወስደዋል፤ በዚያ ዘመቻ ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከመታቸው ቦታዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተጓጉዟል። ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። በቅርቡ ልጃቸውን በስልክ አገኘናት። ከቤት ስትወጣ ሕፃን ብትሆንም ዋርካውን ታውቀዋለች፤ አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ስለ ወንዝ ዳሩ ማሳ ያወሩ እንደነበርና ከፊሉ የእርሳቸው ድርሻ እንደነበር ነግራናለች። አጎታችን ይህን አልሰሙም ነበር። እርሷ ለአረፋ ስትመጣ ማሳው ላይ ቆመው ሁለቱ እንዲነጋገሩ ተቀጥሯል፤ ወንዝ ዳሩ በካርታው ላይ እስከዚያ ድረስ ያለ ድንበር ተትቷል።